የተሳቢ ጎማ ዳዶ፦ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ባለ መፍቻው፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደተባባልነው ዛሬ ማታ ስለ ተሳቢ ጎማ ዳዶ፣ ማለትም ብሎኑ ላይ ተጠምዝዞ ጎማውን ስለሚያስረው ብረት፣ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ከሲኖ ኋላ የሚሄደውም፣ በፒክአፕ የሚሳበው ትንሹም ይገባል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ «ስንት ላጥብቅ?» የሚል ሰው ሦስት ነገር ይንገረኝ። የብሎኑን ውፍረት፤ ዳዶው ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባ ክብ ብረት) አብሮት ያለ ጠፍጣፋ መሆኑን ወይስ አፉ ሾጣጣ ወይም ድቡልቡል መሆኑን፤ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ሃቡ ላይ፣ ማለትም አክስሉ ጫፍ ላይ ከሚዞረው መሐል ላይ፣ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ መሆኑን ወይስ መሐሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ብቻ መሆኑን። ይህን ያልነገረኝ ቁጥር አያገኝም። የኩሽኔታና የፍሬን ጥያቄ ለሌላ ቀን።

የባቲ መንገደኛ፦ ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርገን ጅቡቲ ነው የምንመላለሰው። የተሳቢው ዳዶ ከመኪናው ዳዶ ቀድሞ የሚላላው ለምንድን ነው?

ባለ መፍቻው፦ ሁልጊዜ ቀድሞ አይላላም፤ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። የፊት ጎማ ሲላላ መሪው ይነግርሃል። የተሳቢ የኋላ ጎማ ሲላላ የሚነግርህ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ነው፣ እሱም መብራት ካበራልህ። ሌላው መታጠፍ ነው። ሁለትና ሦስት አክስል ተደርድሮ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ጎማው አይንከባለልም፣ ወደ ጎን ይፋቃል። ደረቅ ወደቡ አካባቢ ጭነት ይዛችሁ ስትጠመዘዙ መሬቱ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ፍቅፋቂ አይታችሁታል፤ ያ ጉልበት የሚያልፈው ጎማውን በያዙት አሥር ብሎኖች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዳዶ ጎማውን የያዘው ስለተጠመዘዘ አይደለም። ስታጠብቀው ብሎኑ ይለጠጣል፤ ልመለስ ሲል ቸርኬውን ታምቡሩ (የፍሬኑ ከበሮ) ላይ ያጣብቀዋል። ጭነቱን የሚችለው ይህ መጣበቅ ነው። ልጠቱ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በቸርኬውና በታምቡሩ መካከል የፀጉር ውፍረት ያለው ቀለም፣ ዝገት ወይም ጭቃ ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሲደቅ ልጠቱ አብሮ ያልቃል። ዳዶው ቅንጣት ሳይዞር ጎማው ላልቷል። ጥንድ ጎማ ላይ ፊቶቹን ቁጠሩ፦ ታምቡርና የውስጥ ቸርኬ፣ የውስጥና የውጭ ቸርኬ፣ የውጭ ቸርኬና ዳዶ። ሦስት ቦታ ቀለም ካለ ሦስት ቦታ ይደቃል።

ሲኖ ነጂ፦ እሺ፣ ስንት ኒውተን ይጥበቅ?

ባለ መፍቻው፦ ብሎኑ?

ሲኖ ነጂ፦ ሲኖ ነው ብዬ የለ እንዴ። ተሳቢው እዚሁ አገር የተሠራ ነው።

ባለ መፍቻው፦ ሲኖ የመኪና ስም ነው፣ የብሎን ውፍረት አይደለም። ውረድና እይ።

ሲኖ ነጂ፦ ባለ 22 ነው፣ ጥርሱ ደቃቅ። ዳዶው ሮንዴላ አለው፣ ለብቻው ይዞራል። ቸርኬው ሃቡ ላይ ልክክ ይላል።

ባለ መፍቻው፦ እንዲህ ነው አጠያየቅ። ያንተ ባለ 22 በ1.5 ነው፣ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5፤ እንዲህ ያለው በአብዛኛው ከ600 እስከ 680 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) ይጠይቃል። የአክስሉ ሠሪ የጻፈው ካለ ግን የሱ ይበልጣል። ለምን ሦስቱን ነገር እንደምጠይቅ ከዚህ እዩት፦ አክስል ሠሪው ቢፒደብሊው ለዚሁ ባለ 22 ብሎን፣ ቸርኬው ሃቡ ላይ ከተቀመጠ 630፣ በዳዶ መሐሉን የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ 510 ነው የሚለው። ብሎኑ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት።

ረዳቱ፦ ጋሼ ጉልበቱን የሚለካ ቶርክ መፍቻ የለንም። በቱቦ ነው የምናጠብቀው።

ባለ መፍቻው፦ ቱቦ ነውር አይደለም፣ ቱቦውን አለመለካት ነው ነውሩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ክብደት በ9.8፣ በርዝመት ይባዛል። 62 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል ልክ 1 ሜትር ርቆ ቢቆም ወደ 608 ኒውተን ሜትር ይመጣል። 50 ኪሎ ብቻ ከሆነ 1 ሜትር ከ25 ላይ ይቁም፣ ያው 612 ነው። ክብደቱን የማያውቅ ረዳት ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይውጣ።

አያያዙ ደግሞ እንዲህ ነው። ቱቦውን መፍቻው ውስጥ አስገብተህ ከዳዶው መሐል ጀምረህ ለካ፤ ከቱቦው ጫፍ አይደለም። አንድ ሜትሩ ላይ ቀለም አድርግ። ቱቦው መሬት ለመሬት እንደተዘረጋ ያህል አግድም መሆን አለበት፤ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ከዘመመ ርዝመቱ ያጥራል። እግር ምልክቱ ላይ ያርፋል፣ ቀስ ተብሎ። ሚዛን ለመጠበቅ ጎኑን በእጅ መንካት ይቻላል፣ ተንጠልጥሎ መያዝ ግን ክብደትህን ይሰርቃል። መዝለል ክልክል ነው! የዘለለ ሰው ክብደቱ እጥፍ ነው፣ ብሎኑም ያንን እጥፍ ነው የሚለጠጠው።

ጎሚስታው፦ በዚህ ሁሉ ሒሳብ ሹፌሩ ጥሎን ይሄዳል። እኛ በአየር መፍቻ ነው የምናጠብቀው፣ ድምፁ ሲቀየር እናቆማለን። ማንም ቅሬታ የለውም።

ባለ መፍቻው፦ የአየር መፍቻ ለማስጠጋት ነው እንጂ ለመጨረስ አይደለም። ኮምፕረሰሩ ሲሞላና ሲወርድ ጉልበቱ አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዳዶና አሥረኛው ዳዶ እኩል አይጠብቁም። ድምፅ ደግሞ የዛገ ጥርስንና የጠበቀ ዳዶን አይለይም።

ጎሚስታው፦ ሲላላ እኛ፣ ሲጠብቅ እኛ። ሹፌሩ ራሱ «ኧረ ጨምርበት» ይለናል እኮ።

የባቲ መንገደኛ፦ እውነቱን ነው። «እስኪጮህ አጥብቀው» የማይል ሹፌር አለ?

ባለ መፍቻው፦ አለማወቅ ነው። ብሎን ከልኩ ካለፈ አይመለስም፤ እንደተጎተተ ላስቲክ ረዝሞ ይቀራል፣ ቸርኬውንም መሳቡን ይተዋል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ እያጠበቅህ እየከበደ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ከለሰለሰ፣ ያ ብሎን አልቆለታል። አውጥተህ ጣለው። ማርሽ ያለው ባለ እጀታ መፍቻ የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ፤ እጅህ ሳይደክም ብሎኑን ይገነጥለዋል። እሱ ለመፍታት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ዳዶ ሳስር ግራሶ ልቀባ? እንዳይዝግ።

ባለ መፍቻው፦ ግራሶ አትቀቡ። ይህ ጉዳይ እንኳ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ዳዶ ስታጠብቅ ከጉልበትህ ወደ ዘጠና ከመቶው የሚያልቀው በፍትጊያ ነው፦ ግማሽ ያህሉ ዳዶው ሥር፣ የቀረው ጥርሱ ላይ። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ጥርሱ ዝጎ ፍትጊያው ሲጨምር፣ መፍቻህ 600 ደረሰ ይልሃል፣ ብሎኑ ግን ገና አልተሳበም። በግራሶ ሲርስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ እዚያው 600 ላይ ከልኩ በላይ ተለጥጧል። ሁለቱም ውሸት ናቸው።

ስለዚህ፦ ሮንዴላ ያለው ባለ 22 ዳዶ ከሆነ፣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ የብሎኑ ጫፍ ላይ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት፣ ሮንዴላውና ዳዶው የሚነካኩበት ላይ አንድ ጠብታ። ከዚያ ዳዶውን በግራ እጅህ ይዘህ ሮንዴላውን በቀኝህ አዙረው። ያለ ኩርኩርታ መዞር አለበት። ከተያያዘ ወይም ጎርበጥ ካለ ዳዶው ይቀየር፤ ምክንያቱም ያኔ ሮንዴላው ቸርኬው ላይ እየተፋቀ ይዞራል። ሾጣጣ ወይም ድቡልቡል ዳዶ ከሆነ ግን ምንም ጠብታ የለም፣ ደረቅ ነው። ቸርኬና ታምቡር በሚነካኩበት ፊት ላይ ደግሞ በምንም ዓይነት ዘይትም ግራሶም አይገባም። ፊቱ ደረቅና ንጹህ ብረት ይሁን።

ሰላም ከደሴ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኛ ጋ ከውጭ የመጣ መኝታ ያለው ካራቫን አለ፣ እንግዳ ይዞ በላንድክሩዘር ይሳባል። ብሎኑ ግማሽ ኢንች፣ በየጎማው አምስት፣ ዳዶው ሾጣጣ፣ ቸርኬው 15 ኢንች። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከዚያም ወደ ላሊበላ ልንሄድ ነው፤ መመሪያው ጠፍቷል።

ባለ መፍቻው፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሙሉ ነው፣ አንቺን የሚያህል ጠያቂ ይብዛልኝ። ለግማሽ ኢንች ብሎን የአሜሪካኖቹ አክስል ሠሪዎች የሚሰጡት ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው፤ በኒውተን ሜትር ከ122 እስከ 163። ቸርኬው 12 ወይም 13 ኢንች ቢሆን ከ50 እስከ 75 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ68 እስከ 102 ይሆን ነበር። በአንድ ጊዜ አትጨርሺው፤ በሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ቀጥሎ 75 አካባቢ፣ ከዚያ ሙሉው። አካሄዱ እንደ ኮከብ ነው፦ ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን እየዘለልሽ ወደ ተቃራኒው። የመጀመሪያው ዙር ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ነው፤ ሾጣጣው አፍ ቀዳዳው መሐል እንዲገባ። የመጨረሻው ጎማው መሬት ነክቶ።

ከዚያ መልሶ ማየት፦ 16 ኪሎ ሜትር ላይ፣ 40 ላይ፣ 80 ላይ። መመሪያዎቹ ላይ 10፣ 25 እና 50 ማይል ብለው ነው የሚጽፉት። የመጀመሪያው ሐይቅ ሳትደርሱ መንገድ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ሐይቅን ትንሽ አልፎ፣ ሦስተኛው ከውጫሌ ወዲያ። ከሐይቅ ዳር ፎቶ በኋላ ይሁን ብለሽ አታዋህጂው። ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ አንዱንም አትዝለዪ። ትንሹ ቶርክ መፍቻ ለዚህ ይበቃል፤ ሲያበቃ ስፕሪንጉን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሺው፣ ለመፍቻነትም አትጠቀሚበት፣ ልኩን ይስታል።

ሰላም ከደሴ፦ እግዜር ይስጥልን። ዘይት አይነካውም ማለት ነው?

ባለ መፍቻው፦ ሾጣጣ ነው ብለሽኛል። ደረቅ።

የሐረጎ ልጅ፦ ከደሴ ጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እንደገባሁ ላጥብቅ? እሱ ይቀለኛል፣ ጎሚስታው እዚያው ነው።

ባለ መፍቻው፦ አይሆንም። ሐረጎን ስትወርድ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ብረት ያብጣል፣ ብሎኑም አብሮ ይሞቃል። በግለቱ ያጠበቅኸው ሲበርድ ሌላ ነው። መዳፍህን ቸርኬው ላይ አሳርፈህ እስከምትችል ጠብቅ።

ሲኖ ነጂ፦ ሐረጎ ላይ ታምቡር የሚያግለው ፍሬን የሚረግጥ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ከወረድክ ምን ያግላል?

የሐረጎ ልጅ፦ ሙሉ ጭነት በሁለተኛ? ሞተሩን ልትገድለው ነው? በሦስተኛ ነው የሚወረደው።

የባቲ መንገደኛ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል፣ በቃ።

ሲኖ ነጂ፦ ኩርባው ላይ እኮ ሦስተኛ...

ባለ መፍቻው፦ ዳዶ። ስለ ዳዶ ነው የመጣችሁት።

ደረቅ ጭነት፦ እኔ በየማለዳው በመዶሻ መታ መታ እያደረግሁ ነው የማየው። የጠበቀ ይጮኻል፣ የላላ ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ይበቃል አይደል?

ጎሚስታው፦ ይበቃል። አባቶቻችን በዚያው ነው የነዱት።

ባለ መፍቻው፦ ጨርሶ የላላውን ታገኝበታለህ። ግማሽ የላላውን አታገኘውም፤ ጎማ የሚያወልቀው ደግሞ እሱ ነው። መምታትህን አልከለክልም፤ የግራ እጅህን ጣት በሌላኛው ጎኑ አድርገህ ምታ፣ ንዝረቱ ከድምፁ የተሻለ ይናገራል። ግን ለጠዋት ፍተሻ ዓይን ይበልጣል። ከዳዶው ሥር ወደ ውጭ የወረደ ቀይ የዝገት መስመር ካየህ፣ እንባ እንደወረደበት ጉንጭ ያለ፣ ያ ዳዶ እየተፋተገ ነው። ዳዶው ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ካብለጨለጨም ያው ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ ወይም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ስንጥቅ ከጀመረ ማጥበቅ አያድነውም፣ ቸርኬው ይጣላል።

ረዳቱ፦ ዳዶው ላይ የሚሰካው ቢጫ ፕላስቲክ ቀስትስ?

ባለ መፍቻው፦ ዳዶ መዞሩን ያሳያል። ሳይዞር መላላቱን አያሳይም፣ ከላይ ተናግሬዋለሁ። ቀስት የሌለው ከዳዶው እስከ ቸርኬው አንድ መስመር በቀለም ይሳል፣ ሥራው ያው ነው።

አዲስ ገቢ፦ ስንት ኒውተን ላጥብቅ?

ባለ መፍቻው፦ ከላይ አንብብ።

ባለ ፒክአፕ፦ ጎማዬ ድምፅ አለው፣ ምን ይሆን?

ባለ መፍቻው፦ ድምፅ ብዙ ነው ወንድሜ። የትኛው ጎማ፣ ሲታጠፍ ነው ቀጥ ሲል፣ ፍሬን ሲያዝ ነው ሳይያዝ? ኩሽኔታ ከሆነ ዛሬ አይደለም።

የሐረጎ ልጅ፦ አንድ ብሎን ተበጥሷል፣ ዘጠኝ ቀርቶታል። ሚሌ ደርሼ ልመለስ እችላለሁ?

ባለ መፍቻው፦ ለምን ተበጠሰ? ብሎን ብቻውን አይበጠስም፤ ጎማው ላልቶ ሲወዛወዝ ነው የሚቆርጠው። አንዱ ሲሄድ የሱ ጭነት ወደ ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ነው የሄደው። ስለዚህ አንድ ከተበጠሰ ሦስት ይቀየራል፦ እሱና ሁለቱ ጎረቤቶቹ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተበጠሰ ሁሉም። አዲሱ ብሎን ላይ 10.9 የሚለው የጥንካሬ ቁጥር ተቀርጾ ካላየህ አትግዛ። እና አትሂድ።

ሰላም ከደሴ፦ የት ነው የሚገኘው ትክክለኛው?

ባለ መፍቻው፦ ሱቅ አልጠቁምም።

ደረቅ ጭነት፦ የድሮው አይሱዙ ላይ ያለው የውስጥና የውጭ ዳዶስ? የውጩን ብናጠብቅ የውስጡ አብሮ አይጠብቅም?

ባለ መፍቻው፦ አይጠብቅም፣ እንዲያውም ብዙ የውስጥ ጎማ የሚሞተው በዚህ ነው። የውስጥ ጎማውን የያዘው ረጅሙ የውስጥ ዳዶ ነው፣ አራት ማዕዘን ራስ ያለው፣ በ21 መፍቻ የሚያዝ። የውጩ በ41 የሚፈታው እሱ ላይ ነው የሚጠመዘዘው። የውጩ እስከጠበቀ ድረስ የውስጡን ብትጠመዝዘው የጠበቀ ይመስልሃል፣ ግን ተቀፍድዶ ነው። ስለዚህ የውጩን አንዱን ዘለህ አንዱን ትፈታለህ፤ የተፈቱትን የውስጥ ዳዶዎች ታጠብቃለህ፤ የውጩን ትመልሳለህ። ከዚያ የቀሩትን እንዲሁ። ሁሉንም በአንዴ አትፍታ። ቁጥሩን ከመመሪያው አውጣ። በግራ በኩል ያሉት ደግሞ ጥርሳቸው ግራ ዞሮ ነው፣ የብሎኑ ጫፍ ላይ ምልክት አለ።

ጎሚስታው፦ የግራ ጥርስ ነው ትክክለኛው። አዲሶቹ ሁለቱንም ጎን ቀኝ ጥርስ ያደረጉት ለርካሽነት ነው። በግራ በኩል ጎማው ወደፊት ሲሽከረከር ዳዶውን ይፈታዋል።

ሲኖ ነጂ፦ ታዲያ የኔ በሁለቱም ጎን ቀኝ ነው፣ እንዳልከው ቢሆን ሁልጊዜ ግራው ብቻ ይላላ ነበር።

ጎሚስታው፦ ካላየህ ነው።

ባለ መፍቻው፦ ሁለታችሁም በከፊል። ዳዶ ሊያዞር የሚችለው ላልቶ መወዛወዝ የጀመረ ጎማ ነው፤ ያኔ የጥርሱ አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል። ተጣብቆ የተቀመጠ ቸርኬ ግን በየትኛውም ጥርስ ዳዶ አያዞርም። እየተከራከራችሁ ያላችሁት ጎማው ከላላ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

የባቲ መንገደኛ፦ ቸርኬ ቀለም መቀባትስ?

ባለ መፍቻው፦ ይህን ለመጠየቅ እስካሁን ቆየህ! ሰው ቦሎ ሊያሳድስ ሲል ቸርኬውን ቀለም ውስጥ ይነክረዋል፣ በአሮጌው ላይ አዲስ፣ በአዲሱ ላይ ሌላ። ቀለም መቀባቱ ጥሩ ነው፤ ታምቡሩንና ዳዶውን የሚነካው ፊት ላይ ግን ከ0.08 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት አይኑር። በዓይን ለመለየት፦ የቀዳዳው አፍ ላይ ቀለሙ ከንፈር ሠርቶ ካበጠ በዝቷል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ውሰደው። ሃቡ ላይ ቸርኬው የሚያርፍባቸውን ጉብታዎችም እንዲሁ። ስትገጥም አንዱ ጉብታ ወደ ሰማይ ይይ፤ ሁለቱ ቸርኬዎች እኩል ይቀመጣሉ። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ 70 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ከዚያ ሙሉውን፣ ሁሌም በተቃራኒ።

ረዳቱ፦ ጋሼ የመጨረሻ፦ ጎማ ከቀየርን በኋላ የት ቆመን እንይ? አንዳንዱ ባቲ ይላል፣ ሌላው ሚሌ ይላል።

ባለ መፍቻው፦ ሚሌ ከኮምቦልቻ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ይዘገያል። ለከባድ መኪና መልሶ ማጥበቅ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚሉ አሉ፣ ከ40 እስከ 80 የሚሉም አሉ። በዚህ መንገድ ጥብቁን እመርጣለሁ። ባቲ 40 ላይ ናት፣ ሻይም አለ፣ እስክትጠጡ ይበርዳል። ሰኞ ከሆነ ግን ገበያ ነው፣ ተሳቢ ይዞ መሐል መቆም አይታሰብም፤ ከተማዋን አልፋችሁ ሜዳው ላይ ቁሙ። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሚሴ። መፍቻውን ልኩ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ማጥበቂያው ብቻ ተጫኑ፤ ለመሞከር ብላችሁ ወደሚፈታበት አቅጣጫ አታዙሩ። ዳዶው ከዞረ ፊቱ እየደቀቀ ነው ማለት ነው፣ ሚሌ ላይ ይደገማል። እዚያም ከዞረ ጎማው ይውረድና ፊቱ ይታይ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። ግን የኔን አላገኘሁትም። ስንት ኒውተን?

ሲኖ ነጂ፦ ብሎኑ ስንት ነው? ዳዶው ሾጣጣ ነው ጠፍጣፋ?

አዲስ ገቢ፦ ቆይ ወርጄ ልይ።